ቅጣቱ ከበደ፣ ዕፁስ ቀነሰ?

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤ ከሐረር፣ ከጅግጅጋ፣ ከዚሁም ከድሬዳዋ ለተገኛችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ የምንመክረው በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ቅጣት ላይ ነው። (ጫትን አናነሳም፤ እሱ ሕጋዊ ነው፣ ደግሞም ራሱን የቻለ ጉባኤ ይፈልጋል።) በየስብሰባው «ቅጣቱ ይክበድ» የሚሉን ብዙዎቹ ልጃቸው ዓይናቸው እያየ የጠፋባቸው ወላጆች ናቸው። ሕመማቸውን ልናቃልል አይገባም። ነገር ግን እስካሁን ያለው ከባድ ቅጣት ምን ሠራ ብለን ሳንጠይቅ ሌላ መጨመር ልክ አይመስለኝም።

ሕጋችን ለስላሳ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ዕፅ የሚያመርትንና የሚያዘዋውርን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል።

ከዓመታት በፊት መናኸሪያ ሻንጣ እየተሸከመ ለሚኖር ወጣት ጥብቅና ቆሜ ነበር። «አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠውን ቦርሳ ይዞ ተያዘ። መጠርጠሩንማ ጠርጥሯል፤ ግን ሦስት ቀን ሥራ ሳያገኝ ውሎ ነበር። ተፈረደበት። የቦርሳው ባለቤት ስም እስከ መጨረሻው መዝገቡ ላይ አልሰፈረም። እናቱ ችሎት በር ላይ ይዛኝ «ባለቤቱስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ባለቤቱ ውጭ እስካለ ድረስ በማግስቱ ሌላ ተሸካሚ ያገኛል። መናኸሪያው ሥራ በሚጠብቁ ልጆች የተሞላ ነው። የተሸካሚው ቅጣት ከ5 ወደ 10 ዓመት ቢያድግ ለባለቤቱ ምኑም አይደለም። ተሸካሚውም ቢሆን የሚያስበው ያዙኝ አልያዙኝ ነው እንጂ የአንቀጹን ቁጥር አይደለም።

አሜሪካኖች ይህን በውድ ዋጋ አይተውታል። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ዕፅ ሽያጭ ከ15 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች፤ በ2009 አብዛኛውን የግዴታ መነሻ ቅጣት፣ ማለትም ዳኛው ከዚያ በታች ሊወርድ የማይችለውን ቅጣት፣ አነሳች። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1986 ለ5 ግራም ክራክ (የሚጨሰው ጠጣር ኮኬይን) እና ለ500 ግራም ዱቄት ኮኬይን እኩል 5 ዓመት መነሻ ደነገገ። ከአንድ ኮኬይን የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ናቸው! ልዩነቱን ለማጥበብ 24 ዓመት ፈጀ፤ ያኔም ከ100 ወደ 18 እጥፍ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2018 ግዛቶቹን ሲያነጻጽር፣ በዕፅ ወንጀል ብዙ ሰው ማሰርና የዕፅ ተጠቃሚው ወይም ከመጠን በላይ ወስዶ የሚሞተው ሰው ቁጥር መቀነስ ተያይዘው አላገኛቸውም።

የእኛስ? ከተማችን በጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፤ መዝገቦቹም በእጃችን አልፈዋል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ከያዛችኋቸው የተዘጉ መዝገቦች ስም ሳትጠቅሱ አራት ነገር እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ የተከሳሹን ዕድሜ፣ የተያዘውን መጠን፣ ተከሳሹ ባለቤት ነበር ወይስ ተሸካሚ፣ ከተፈታ በኋላስ ተመልሶ ገብቷል ወይ። ቅጹ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከሻይ ዕረፍት በፊት ውሰዱ።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።