ሬጅስትሪ ውስጥ የተደበቀው ሠንጠረዥ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከመንዝና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ የኮምፒውተር ላብ ባለሙያዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! የሸዋ ሮቢቶቹ በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጣችሁ ስለሆነ አላስረዝምም።

የሥልጠናውን መዝጊያ እንድናገር ነው የተጠየቅኩት። እናገራለሁ። ግን የዩኒክስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ ላይ የሚያሠራልንን የሲግዊንን ጉዳይ ሳላነሳ ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ድሮ፣ የትኛው የዊንዶውስ ፎልደር በየትኛው የዩኒክስ አድራሻ እንደሚታይ የሚናገረው የማውንት ሠንጠረዥ፣ ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የሴቲንግ መዝገብ ውስጥ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ሲ ድራይቭ ፎርማት ተደረገ። ሲግዊን ዲ ላይ ስለነበር አንድም ፋይል አልጠፋም። እፎይ አልን። ከዚያ ከፈትነው። ሩቱ፣ ማለትም የፎልደሮቹ ሁሉ መነሻ፣ የት እንደሆነ ጠፍቶታል! ስክሪፕቱ ሁሉ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ፋይሉ ግን ዲ ላይ ቁጭ ብሎ ያየናል። አለቃችን «ቫይረስ ነው» አሉ። አንዱ «ሃርድዲስኩ አብቅቶለታል» አለ። ታምናላችሁ? ለአዲስ ሃርድዲስክ ፕሮፎርማ ተሰበሰበ! የጠፋው ግን ከሲ ጋር አብሮ የተጠረገው ሠንጠረዥ ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ማውንት በራሱ ሬጅስትሪ ነበረው። እኔ ስገባ የሚሠራው ጓደኛዬ ሲገባ አይሠራም። የእድር መዝገብ በየአባሉ አልጋ ሥር ተቆልፎ እንደማስቀመጥ ነው።

ለሠሪዎቹ ፍርድ ልስጥ፤ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሠንጠረዡ የሴቲንግ ፋይሎች በሚቀመጡበት በኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ይሁን ቢባል፣ ኢቲሲን ለማግኘት መጀመሪያ ሩቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ሩቱን የሚናገረው ደግሞ ያው ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የወጣው ሲግዊን 1.7 ይህን ቋጠሮ ፈታው። ዋናው ዲኤልኤል፣ የሲግዊን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚጋሩት ፋይል፣ የራሱን ቦታ ያያል። ቢን በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው፤ ከቢን አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ሩቱን ያገኛል። ከዚያ ሠንጠረዡ የተጻፈበትን ፋይል፣ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብን፣ ያነባል። አለቀ! የግል ማውንት የሚፈልግም ኤፍኤስታብ.ዲ በሚባል ፎልደር ውስጥ በስሙ ፋይል ይኖረዋል።

«ድሮ ማውንት ብዬ ስጽፍ እዚያው ይቀመጥልኝ ነበር፣ አሁን ስዘጋው ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይጥፋ! ዘላቂ እንዲሆን ከፈለግህ ፋይሉ ላይ ጻፈው፤ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያንብበው። ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ከፍቶ ሊያነበው፣ ሊገለብጠው፣ ሊያርመው የማይችለውን ነገር «ሴቲንግ ነው» አትበሉኝ! ይህን የምላችሁ ላብ የምትረከቡት እናንተ ስለሆናችሁ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኤፍኤስታብ ውስጥ የምትጽፉት የፎልደር ስም ስፔስ ካለበት፣ በስፔሱ ፋንታ ባክስላሽና 040 ጻፉ። ፋይሉን ካረማችሁ በኋላ ደግሞ የሲግዊንን ፕሮግራም ሁሉ ዘግታችሁ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ለውጡን አያየውም።

ስለ ኔትወርክ ድራይቭም ማስታወሻ ይዤ ነበር፤ ሻይ ላይ እናወራለን። የዚህ ላብ ኤፍኤስታብ ፍላሽ ላይ ተገልብጧል፣ በር ላይ ያለችው ልጅ ጋ ነው፤ ሳትወስዱ እንዳትወጡ። አመሰግናለሁ።