የቀዮ መርፌ

ባትሪ አይደለም። እሱን መጀመሪያ እንዝጋው። ባለፈው መኪናዬ ቀዮ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ላይ በድንገት ጠፍታ፣ አልነሳ ብላ፣ ቆይታ በራሷ እንደተነሳች ካወራሁ በኋላ የላካችሁልኝ መልእክት ግማሹ "ባትሪ ነው አቦ፣ ባትሪ ቀይር" ይላል። አይደለም ጀማው። ባትሪ ሲደክም ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ይጎተታል፣ ወይ ጠቅ ጠቅ ብሎ ይቀራል፣ የዳሽቦርዱ መብራትም ይፈዛል። ቀዮ ላይ ግን ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው እንደ ሌላው ቀን ጥርት አድርጎ ነበር የሚያዞረው። ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትነሳም። ይሄ ሌላ በሽታ ነው። መካኒኬ ጋሼም በኋላ ለክተውታል። ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ 14 አካባቢ። ባትሪውም እሱን የሚሞላው ዲናሞም ደህና ናቸው።

ለዛሬ ያሰብኩት ወሬ ሌላ ነበር። ግን ሐሙስ ደረሰ። እማዬ ሐረር ቀጠሮ አላት፣ እኔ ደግሞ ደንገጎን ባሰብኩ ቁጥር ፈራ ተባ እላለሁ።

እስቲ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ዳገቱን ይዘናል። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎ ጫፍ ሲደረስ ከ2000 ይታለፋል፣ ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ደግሞ በዚያች አጭር መንገድ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ከፊቴ አንድ አይሱዙ ጭነት ከብዶት እያቃሰተ ይወጣል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ የሚገባው አየር ግን ይጋረፋል። እማዬ በራጁ ፖስታ ፊቷን እያራገበች ነው። የፖስታው ጠርዝ የማርሹን እጀታ ነካ ነካ ያደርጋል። እሱን እያየሁ ድምፁ ጠፋ።

በቃ ጠፋ። አልተንተፋተፈችም። አልተንገጫገጨችም። መብራት እንደማጥፋት ነው። ዘይት፣ ባትሪ፣ ሞተር፣ የዳሽቦርዱ ምልክቶች ቦግ ቦግ አሉ። መሪው ከበደኝ። ጥጉን ይዤ ቆምኩ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ወርጄ ጎማ ስር ድንጋይ አደረግኩ።

ይሄ "በቃ ጠፋ" የሚለው ነገር ለሰው ተራ ወሬ ይመስላል። ለመካኒክ ግን ግማሽ መልስ ነው። ነዳጅ ሲቋረጥ መኪና ብዙ ጊዜ በአንዴ አትሞትም። ጉልበት ታጣለች፣ ትነጥራለች፣ ብትረግጣት አትሰማህም፣ ከዛ ነው የምትቆመው። እሳት፣ ማለት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ፣ ሲቋረጥ ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። ስለዚህ የነዳጅ ፓምፕ ነው የምትሉኝ፣ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፣ ፓምፕ በአንዴ የሚሞትበት ጊዜም አለ፣ ግን እኔ የሰማሁት፣ ማለቴ ያልሰማሁት፣ ወደዚያ አይወስደኝም።

መንገድ ላይ የቆመልን ሰው ብዛት! ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንዱ ቅጠል ቆርጦ ከኋላችን መንገዱ ላይ ጣለልን። አንዱ ለእማዬ ውሃ አመጣላት። ሁሉም የራሱ ምርመራ አለው። ቤንዚኑ ውሃ አለበት ያለ አለ፣ ፊውዝ ነው ያለ አለ። የአይሱዙው ረዳት ደግሞ ካንዴላ (ብልጭታውን የሚሰጠው ዕቃ) ፈትተን እሳት መኖሩን እንይ አለ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነበር። ካንዴላውን ብረት አስነክቶ ሞተሪኖውን ሲያዞሩት ብልጭ ካለ እሳት አለ፣ ካላለ የለም፣ አለቀ። ግን መፍቻው አልነበረውም፣ እኔም የለኝም። ያቺ አንድ መፍቻ ብትኖር ዛሬ ይሄን ሁሉ አላወራም ነበር።

እማዬ ምን አለች መሰላችሁ? "አባቴ፣ ደክሟት ነው፣ ተዋት ትረፍ።" ጥላ ስር ተቀመጠች። ጸሐይዋ ዘወር ስትል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ቁልፉን ጠመዘዝኩ፣ በመጀመሪያው ተነሳች። ምንም እንዳልተፈጠረ። ሐረር ገባን፣ ተመለስን፣ ከዛ ወዲህም ጠፍታ አታውቅም።

ሁሉም ሰው "እንኳን ተነሳች" ይለኛል። እኔን ያልተመቸኝ ግን እሱ ነው። ሞታ ብትቀር ይገኛል። ተነስታ ጤነኛ ስትመስል ምኗ ይመረመራል? ጋሼ ኮምፒውተር ሰኩባት፣ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ የለም። ክራንክ ሴንሰር ቢሆን ብዙ ጊዜ ፒ0335 የሚል ይመጣል፣ ግን የግድ አይደለም፣ አንዳንዱ ሳይመዘገብ ያልፋል። ይሄ ሴንሰር ውስጡ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እሱ ነው። ሽቦው ስንጥቅ ካለው ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሲላቀቅ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ይመስለዋል፣ እሳቱንም ነዳጁንም ይዘጋል። ለዚህ ነው "የፓምፑ ድምፅ አይሰማም ነበር" ማለት ብቻውን ምንም የማያረጋግጠው። ሴንሰሩ ሲሞት ፓምፑም አብሮ ዝም ይላል።

ጋሼ የፀጉር ማድረቂያ አምጥተው ሴንሰሩን እያሞቁ ለኩት። ረጅም ጊዜ ታገሱት። ንባቡ ከሙቀቱ ጋር ትንሽ ከፍ አለ እንጂ አልተቋረጠም። ጋሼ ሙያውን የለመዱት ሸማንደፈር፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ ታውቃላችሁ፣ እና እዚያ ያደገ ሰው ያላረጋገጠውን ዕቃ አይቀይርም። "ብቀይርልህ ገንዘብህን እበላለሁ እንጂ መኪናህን አላዳንኳትም" አሉኝ። እንዲህ የሚል መካኒክ ማግኘት መታደል ነው። ግን መኪናዋ እንዳለች ናት።

ከዛ ያቺን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ስትጠፋ የአርፒኤም መርፌዋ ምን ሆነች?" የሞተሩን ዙር የምታሳየዋ መርፌ ማለታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና እየተንከባለለች ከሆነ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ነው፣ እሳት ባይኖርም። ስለዚህ መርፌዋ ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ቀስ እያለች ነው መውረድ ያለባት። መኪናዋ ገና እየሄደች መርፌዋ ዜሮ ላይ ዱብ ካለች ግን ሞተሩ እየዞረ ኮምፒውተሩ አያየውም ማለት ነው። ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው። ቀስ ብላ ከወረደች ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ዱብ ብላለች። እኔ ያየሁት እሱ ነው። ለጋሼም እንደዛ አልኳቸው። "ፍሪሲዮን ረግጠህ ነበር?" አሉኝ።

ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ስንቀይር የምንረግጠው ፔዳል፣ ከተረገጠ ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፣ ሞተሩ እውነትም ይቆማል፣ መርፌዋም ዜሮ ብትሆን ልክ ናት። እና እኔ መቼ ረገጥኩ? ድምፁ ሲጠፋ እግሬ በራሱ ይሄዳል፣ የማንም ሰው እግር ይሄዳል። መርፌዋን ያየሁት ከዚያ በፊት ነው በኋላ? ይሄን ነው ማታ ማታ የማመላልሰው። ፖስታው፣ ማርሹ፣ ዝምታው፣ መብራቶቹ። መርፌዋ። እግሬ። አንዳንዴ መርፌዋ ትቀድማለች። አንዳንዴ እግሬ ይቀድማል። ከጥያቄው በፊት መርፌዋን ጭራሽ አስቤያት አውቃለሁ ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። ሲጠይቁኝ ነው የታየችኝ?

ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ እነዚያን ፔጆ 404 ታክሲዎች አይቼ ቀናሁ። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ነው፣ እስካሁን ይሠራሉ። እነሱም ዳገት ላይ በሙቀት ይቆማሉ፣ ግን ምክንያቱ ይታወቃል። ፓምፑ ሞተሩ ላይ ስለሆነ ይግላል፣ ቤንዚኑ ይፈላል፣ ከፍታው ደግሞ ቶሎ እንዲፈላ ያደርገዋል፣ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አይችልም። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ትሄዳለህ። የቀዮ ፓምፕ ግን ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ በግፊት ነው የሚልከው፣ ይሄ እሷን ብዙም አያገኛትም።

ቆይ ግን፣ ታንከሯ ያን ቀን ሩብ ነበር። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው፣ ሲጎድል ይግላል። የጋለ ፓምፕም ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። እሱም ይገጥማል። ከእማዬ "ትረፍ" ጋር ሁሉም ይገጥማል፣ ችግሩ እሱ ነው። የፓምፑ ሬሌም፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለት ማብሪያ፣ አለ፣ እሱ ደግሞ በአንዴ ነው የሚቆርጠው...

ለእማዬ ሐሙስ በሚኒባስ እንሂድ ብያት ነበር። "ቀዮ ምን አደረገችህ?" አለችኝ። ወገቧን ስለሚያማት ቀዮ ላይ ወንበሩን ዝቅ አድርጋ ነው የምትሄደው፣ ሚኒባስ ውስጥ እሱ የለም። ስለዚህ ምናልባት ሙሉ ታንከር አስሞልቼ፣ በማለዳ፣ ሳይሞቅ። የካንዴላ መፍቻም ይዤ። ሴንሰሩንም በራሴ ገዝቼ ልቀይረው ይሆን፣ ጋሼ ባያምኑበትም? ግን ቀይሬው ዳግም ባትጠፋ እንኳ እሱ ነበር ማለት ነው ወይስ... አላውቅም። እናንተ መርፌዋን ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ከዚያ በፊት ግን ፍሪሲዮን መርገጣችሁን...