የስልቻው ድምፅ በልጆቻችን እጅ
የማኅበራችን ሊቀመንበር የመክፈቻ ንግግር፣ ግላስጎው፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። በዚህ ብርድ ከኤድንብራና ከአበርዲን ድረስ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁትን ከልብ አመሰግናለሁ። እናቶቻችን ከሌሊት ጀምረው ያሰናዱት የጾም ማዕድ ከስብሰባው በኋላ ይጠብቀናል።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ጸሐፊያችንና ሒሳብ ሹማችን ያቀርባሉ። እኔ የመክፈቻውን ጊዜ ስለ ልጆቻችን ላውለው። ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ ስኮትላንዶች በስልቻ አየር የሚነፉትን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ባግፓይፕን፣ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ሱቄን «የስልቻው ቤት» ትሉታላችሁ። ስሙን እወደዋለሁ፤ የመሣሪያው ነፍስ ስልቻው ነውና።

የፈረንጆቹ ዓመት ማለቂያ ለእኛ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ገና የሕዝብ በዓል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው በገና ቀን ሥራ ይውል ነበር። ትልቁ በዓላቸው ሆግማኔ የሚሉት የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ነው፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ ባግፓይፕ መሰማት አለበት። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር የከረመ መሣሪያ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

በኅዳር መጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ ስኮትላንዳዊት እናት የእንጨት ሣጥን ተሸክመው ገቡ። የሟች ባለቤታቸው ባግፓይፕ ነበር፤ እሳቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ማንም አልነፋውም። ከፈትኩት። ስልቻው ደርቆ እንደ አሮጌ ቁርበት ይንኮሻኮሻል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የተጠመጠመው ሰም የተቀባ ክር በጣቴ ስነካው ተበጣጠሰ። ድምፁን የሚያወጡት ሪዶች፣ ከመቃ የተሠሩት፣ ተሰነጣጥቀዋል። እንጨቱ ግን ምንም አልሆነም። ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ሳሸው እንደ ጥቁር መስተዋት አበራ። ስንት ያስከፍላል ብለው አልጠየቁኝም። «የሚነፋው ልጅ ፈልግለት» ብቻ አሉኝ።

ያ ጥቁር እንጨት ከአፍሪካ የመጣ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ምፒንጎ ይሉታል፤ በብዛት የሚመጣው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው፤ በእኛም አገር ቆላ ይበቅላል። ስኮትላንዶች ብሔራዊ ድምፃችን የሚሉት ነገር ከአህጉራችን ዛፍ እንደሚወጣ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ዛፉ ለመሣሪያ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮም ዛፉ ከነቅርብ ዘመዶቹ በዓለም አቀፉ የዕፅዋትና የእንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። እንደ እኔ ላለ ትንሽ ሱቅ አንድ ቻንተር፣ ማለትም ጣቶች የሚጫወቱበትን የዜማ ቧንቧ፣ ወደ ካናዳ መላክ ራሱን የቻለ የወረቀት ሥራ ሆኖ ነበር። ባለፈው ወር፣ ኖቬምበር 26፣ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ፈቃድ ነፃ ሆኑ። ጥሬው እንጨት ግን ቁጥጥሩ አልተነሣለትም፤ ትክክልም ነው። ለእኛ ሙያ የዓመቱ ትልቅ ዜና ይህ ነው።

ለእናንተ ግን ከዚህ የሚበልጥ ዜና አለኝ። ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ግላስጎው ግሪን ሜዳ ላይ በተካሄደው የባግፓይፕ ቡድኖች የዓለም ሻምፒዮና በአንደኛው ምድብ ያሸነፈው የኢንቨረሪ ቡድን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ ቀጥሎ ሁለተኛ ድሉ ነው። ኢንቨረሪ በሎክ ፋይን ዳር ያለች፣ አንድ ሺህ ሰው እንኳ የማይኖርባት ከተማ ናት። ቡድኑ የተጀመረው ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በአካባቢው ልጆች ነው። ስቱዋርት ሊድል የሚባል ስመ ጥር ነፊ ልጆቹን ከመጀመሪያዋ ድምፅ አንሥቶ አስተማራቸው፤ ከታችኛው ምድብ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ወጡ። እኔ የዚያን ቀን ሜዳው ላይ ቆሜ ሳዳምጥ የማስበው ስለ እኛ ልጆች ነበር። እኛ በቁጥር ከዚያች ከተማ ስንት እናንሳለን?

መሣሪያው ከባድ ነው፤ አልደብቃችሁም። ዜማው የሚወጣበት ቻንተር ዘጠኝ ድምፅ ብቻ አለው። አየሩ ከስልቻው ሳያቋርጥ ስለሚፈስ በዜማው መካከል ዝምታ የለም፤ የድምፁን ጉልበት ከፍና ዝቅ ማድረግም አይቻልም። ነፊው አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው በጣቶቹ ፈጣን እንቅስቃሴ ነው። ከትከሻ በላይ የቆሙት ሦስቱ ረጃጅም ቧንቧዎች ደግሞ ያለ ማቋረጥ አንድ ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። በእኛ አገር እምቢልታ ሦስት ሰው ተቀባብሎ ይነፋል፤ እዚህ አንድ ሕፃን ሁሉንም በክንዱ ሥር ያቅፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስልቻ የሌለው የመለማመጃ ቻንተር ብቻ ነው የሚነፋው። ብዙ ልጅ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚያዳምጠው ሰው ስላጣ ነው። ወላጆች ሁለት ፈረቃ ሠርተን ደክመን እንደምንገባ አውቃለሁ፤ እኔም አባት ነኝ። ግን አሥር ደቂቃ ተቀመጡላቸው።

ሥራ አስፈጻሚው የተስማማበትን ልንገራችሁ። ከፊታችን ገና በኋላ፣ ዘንድሮ ታኅሣሥ 28 የሚውለው ማለቴ ነው፣ በየቅዳሜው ከሰዓት በዚሁ አዳራሽ ትምህርት እንጀምራለን። አሥር የመለማመጃ ቻንተር ከሱቄ አመጣለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ይይዛል፤ መዋዋስ የለም። ከነፉ በኋላ ማጠብና ማድረቅ ግዴታ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ ነፊ ባልጸዳ ባግፓይፕ ውስጥ ባደገ ሻጋታ ሳንባው ታሞ ሳይሞት እንዳልቀረ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ጽፈዋል፤ ይህን እንደ ቀላል አንየው። መሣሪያውንም ከብርድ አምጥታችሁ ማሞቂያ አጠገብ አታኑሩት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ያን የሣጥን ባግፓይፕ ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። አዲስ ስልቻ፣ አዲስ ክር፣ አዲስ ሪድ ገባለት። ይዛው የምትቆመው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ናት፤ በትምህርት ቤቷ ሦስት ዓመት በውሰት መሣሪያ ስትማር ቆይታ የራሷ ሲኖራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሰጡን እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ የምለውን ልጆቹ እየተረጎሙላቸው ነው።

በሩን ዝጉልን። መጀመሪያ የምትሰሙት ጩኸት ዜማው አይደለም፤ ሦስቱን ቧንቧዎች ከቻንተሩ ጋር እያስማማች ነው። አትቸኩሉባት። ነይ ልጄ።