ኮማንዳንቴ ስልኩን ለምን አዞረችው?

እሺ። እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬም ማስታወቂያ የለንም። ስፖንሰር እሆናለሁ የሚል ካለ በሩ ክፍት ነው። የጎረቤቴ ውሻ መሀል ላይ ይገባበታል፤ ታውቁታላችሁ፣ አላስተዋውቀውም።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። አልቻልኩም። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። የኮማንዳንቴ ነገር።

አዎ፣ ኮማንዳንቴ የምላት አክስቴ። "መቼ ነው ማይክ ፊት የምታመጣት?" ለምትሉኝ፣ አትመጣም። ጠይቄያታለሁ። "እኔ ከተናገርኩ መንግሥት ይወድቃል" አለችኝ። የማን መንግሥት እንደሆነ አልነገረችኝም።

እና የፋሲካ ሌሊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ገበታው ቀርቧል። ዳቦው ተቆርሷል። የዶሮ ወጡ ሽታ… ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጾሞ ያላየው ሰው አይገባውም። ልክ እጃችንን ልንሰድ ስንል የአክስቴ ስልክ ጠራ። ቪዲዮ። ፕሮፌ ናት፣ ኩባ ያሳደገቻት አስተማሪዋ።

እዚያ ገና ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። መብራት የለም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አልፎ አልፎ ግንባርና መነጽር ብልጭ ይላል። ድምፅዋ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። አስተማሪ ናታ፣ ድምፅ አላት።

አክስቴ መጀመሪያ ስልኩን በየተራ ወደ ሁላችን አዞረችው። እጃችንን አውለበለብን። ከዚያ ፕሮፌ ያቺን ጥያቄ ጠየቀች። እኔ ከስፓኒሽ የማውቀው የአክስቴን ስድብ ብቻ ነው። ይቺን ግን አውቃታለሁ፣ በደወለች ቁጥር ትጠይቃለችና። "ሚ ኒኛ፣ እየበላሽ ነው?" ልጄ፣ እየበላሽ ነው?

አክስቴ ስልኩን ከገበታው ወደ ግድግዳው አዞረችው። ቀስ ብላ። የቀን መቁጠሪያው ወደተሰቀለበት። ከዚያ የሆነ ነገር መለሰች። እህቴ "ምን አለቻት?" ብላ ስትጠይቃት፣ "እንደነገሩ ነው፣ እዚህም ኑሮ ተወዷል አልኳት" አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ በላች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ይኸው ነው። የሆነው ይኸው ነው። እናንተ "እና?" ትላላችሁ። እኔም ለራሴ እንደዚያ እላለሁ።

ግን ሴትየዋን አስቧት። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ነው ያለችው፣ ከትልቋ ኩባ በስተደቡብ ባለችው ደሴት። ስሟን "የወጣቶች ደሴት" ያሉት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የጥዶች ደሴት ነበረች። ፊደል ካስትሮም የታሰረው እዚያው ነው፤ በኋላ ስልጣን ሲይዝ ደሴቷን በትምህርት ቤት ሞላት። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያ፣ ከእኛም ልጆች ሄዱ። የእኛዎቹ አብዛኞቹ በሶማሊያው ጦርነት አባታቸውን ያጡ ናቸው። አክስቴ ስትሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ነግሬያችኋለሁ፣ አውቃለሁ።

ያኔ "እየበላሽ ነው?" ብላ የምትጠይቃት ፕሮፌ ነበረች። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እዚህ አገር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ አክስቴ እዚያ ሩዝና ጥቁር ባቄላ እየበላች ነው። ፕሮፌ ሳህኗን ታይ ነበር። የተረፈ ካለ ትቆጣለች።

አሁን ያቺው ሴት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ያንኑ ትጠይቃለች።

ቆይ፣ ትንሽ ልቀልድ፣ ከብዶኛል። የኩባ ረጅሙ ተራራ ፒኮ ቱርኪኖ ይባላል። 1,974 ሜትር። አዲስ አበባ ከዚያ ትበልጣለች! መርካቶ ሸቀጥ የሚሸከመው ልጅ ከኩባ ጫፍ በላይ ነው የሚውለው። አክስቴ ስትመለስ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን መውጣት አቅቷት መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች ይባላል። እሷ "አላለቀስኩም፣ እያሰብኩ ነበር" ትላለች።

እሺ። የት ነበርኩ? መብራት።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ማታንሳስ ያለው ትልቁ ጣቢያ፣ አንቶኒዮ ጊቴራስ፣ ተበላሽቶ የአገሩ መብራት በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ። የሰፈር አይደለም፣ የአገር። ከዚያ ወዲህም ተደጋግሟል። ጣቢያዎቹ አርጅተዋል፣ የቬኔዝዌላ ነዳጅ ቀንሷል፣ መለዋወጫ መግዣ ዶላር የለም። ይህንን የምነግራችሁ በደንብ ስለተከራከርኩበት ነው። ከማን ጋር? ከኮማንዳንቴ ጋር ነዋ። እሷ "ማዕቀቡ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አንቃ ይዛቸዋለች። እኔ ደግሞ "ስኳሩስ?" እላለሁ።

የስኳሩ ነገር ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ1989 ስምንት ሚሊዮን ቶን ገደማ የሚያመርት አገር ነበር። ሶቪየቶች በጥሩ ዋጋ ይገዟቸው ነበር። ሶቪየት ፈረሰች፣ ገዢው ጠፋ። በ2002 ራሳቸው ከፋብሪካዎቻቸው ግማሽ ያህሉን ዘጉ። በ2025 ምርቱ ከ200 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ኩባ! ስኳር ከውጭ የምታስገባ ኩባ! ይሄን ሁሉ ማዕቀብ ነው ያደረገው? ስላት፣ ቡናዋ ላይ ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር ጨምራ አየችኝ። አልመለሰችልኝም።

እና አንድ አድማጫችን ባለፈው "እነዚያን ሕፃናት እኮ ጉልበታቸውን በዝብዘዋል" ብሎ ጽፎልኛል። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የእርሻ ሥራ፤ ግሬፕ ፍሩትና ብርቱካን መልቀም። እውነት ነው፣ የትምህርት ቤቶቹ አሠራር እንደዚያ ነበር። የኩባ ልጆችም በዚሁ መንገድ ነው የተማሩት። አክስቴን ጠየቅኳት። "ደክሞኝ ያውቃል፤ ተርቤ ግን አላውቅም" አለች። እኔ እንጃ። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም? ውለታም፣ ብዝበዛም? እንዲህ ስል ደግሞ ራሴን አልወደውም። አንድ ሰው ሳህንሽን እያየ ካሳደገሽ በኋላ ሒሳብ መሥራት…

ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ጋ ሄጄ ነበር። አዎ፣ በዚህ ምክንያት ነው የሄድኩት፣ አትሳቁ። ኦጋዴን ላይ የሞቱት ኩባውያን ፎቶ አለ። ወጣቶች ናቸው። አንዳንዱ ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም። ከ10 ሺህ በላይ ወታደር ነው የላኩት፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ እኛን ብሎ። እርግጥ እኛን ብሎ ነው ወይስ ሞስኮን ብሎ፣ እሱን ታሪክ አዋቂዎች ይጨቃጨቁበት። ልጁ ግን ሞቷል። ጎኔ አንድ ሰውዬ ስልኩ ላይ ኳስ እያየ ነበር። ማን እንዳገባ ጠየቅኩት። እንደዚህ ነኝ እኔ።

አሁን ደግሞ ሰዉ አገሩን ጥሎ እየወጣ ነው። 11 ሚሊዮን የነበሩት ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በታች ናቸው። የሚሄደው ወጣቱ ነው፣ የሚቀረው እንደ ፕሮፌ ያለው። ዝቅተኛው ጡረታ ለብዙ ጊዜ 1,528 ፔሶ ነበር። ገበያ ላይ 30 እንቁላል ከዚያ በላይ ነው የሚሸጠው። በሊብሬታ፣ በራሽን ደብተሩ፣ የሚሰጣቸው ዳቦ እንኳ በ2024 ከ80 ግራም ወደ 60 ግራም ወርዷል።

እኛ ወጡ ውስጥ 12 እንቁላል ከተን ነበር። በወጉ መሠረት።

ስለዚህ ስልኩን ያዞረችው አፍራ ነው? ወይስ ፕሮፌ እንዳታፍር ብላ? እናቴ "ይሉኝታ ነው፣ ምን ያመራምርሃል" አለችኝ። ይሆናል። ግን ስልኩ መጀመሪያ ወደ እኛ ሲዞር ገበታው መሀል ላይ ነበር እኮ! ሳታየው ትቀራለች? ካየችው ደግሞ ምግቡ ፊታችን እንዳለ እያወቀች ነው የጠየቀችው። ያ ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ወይም ጥያቄ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሷ ሰላምታ ነው። አይ፣ በጣም እያሰብኩ ነው።

አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ነበር። በማድሪድ በኩል የሚሄድ ሰው ተገኝቷል። የዱቄት ወተት፣ ባትሪ፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ልላክ አልኩ። አክስቴ "ተወው" አለች። "አልጠየቀችንም። ካልጠየቀች ብትልክላት ታፍራለች።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው የመጣልኝ፤ አንቺስ መቼ ጠየቅሽ? የጠየቀው መንግሥት ነው። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር፣ መርከብ ላይ ጫኑሽ እንጂ… ተመልሼ ልነግራት ነበር። አልተመለስኩም።

ሰውየው የሚሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሻንጣው ውስጥ ቦታ አለኝ ብሏል። ሳልነግራት ልስጠው ይሆን? ኮማንዳንቴ ይህን ፖድካስት አትሰማም። አትሰማም መሰለኝ። ባለፈው ግን የውሻውን ነገር አንስታብኝ ነበር፣ ማን እንደነገራት እንጃ…