አራት ቁጥር ማን ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት አመሻችሁ፣ የደሴ ሆጤ ሜዳ ሰዎች?

አዘጋጆቹ ስለ ቡድናችን ታሪክ አሥር ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። የዋንጫውን ነገር ሌሎች ያወሩላችኋል። እኔ የመጣሁት ለአራት ቁጥር ነው።

እናንተ ታስታውሳላችሁ፤ በኛ ጊዜ ማልያ ላይ ስም የለም። ቁጥሩንም ቢሆን ልብስ ሰፊው ነው ከነጭ ጨርቅ ቆርጦ የሚሰፋው። ስድስትና ዘጠኝ በአንድ ልክ ይቆረጣሉ፤ አንዱን መገልበጥ ነው። አንዴ መገልበጡን ረስቶት በሁለት ዘጠኝ ቁጥር ገባን። ዳኛው ማንን እንደሚቀጣ ግራ ገባው! ስምንት ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ በግራ በኩል ሲተረተር ሦስት ይሆናል።

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲተኛ ፊት የት ይታያል? የሚታየው ጀርባ ነው። «አራት! ያዘው አራት!» እንላለን። አራትም ይይዘዋል። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንጫወት (ኮምቦልቻዎች ካላችሁ አፉ በሉኝ፤ ግን ያቺ ጎል ኦፍሳይድ አልነበረችም) አጥቂያቸው እሱን አልፎ አያውቅም። ካልሲው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ኳስ ባስጣለ ቁጥር ወደ እኛ ጀርባውን ይሰጥና በአውራ ጣቱ ቁጥሩን ያሳየናል።

አምና አንድ ማለዳ የቅሬው፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ጠሪ በሰፈራችን አለፈ። የሟቹን ስም ጠራ። አላወቅኩትም። ብርድ ነበር፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጓደኛዬ መጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል።

«ምነው ቀረህ?» አለኝ።

«ከየት?»

«ከአራት ቁጥር ቀብር ነዋ!»

ብርጭቆው አፌ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ስንት እሁድ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ የጮህኩለት ሰው! መንገድ ላይ ሳገኘው «አራት፣ ሰላም ነው?» እለዋለሁ። ይስቃል፤ እጄን ጨብጦ ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ ስምህ ማነው አላልኩትም። በስሙ ሲጠራ እንደ ባዳ ተኛሁበት።

አሁን ስሙን አልነግራችሁም። የምታውቁት እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ?

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ ብቻ ግን አይደለም። የድሮ ተጫዋቾች መዝገብ የት አለ ብዬ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ነበር። «ቢሮ ስንቀይር ጠፋ» ተባልኩ። ጠፋ! ለባነር ገንዘብ አለ። ለቲሸርት ገንዘብ አለ። ለእንግዳ ምሳ ገንዘብ አለ። ስም መጻፊያ እስክሪብቶ ሲሆን ግን የለም!

እዚህ ያሉትን ልጆች የናፖሊ አሥር ቁጥር ማነው በሏቸው፤ ማራዶና ይላሉ። ክለቡ ቁጥሩን ለክብሩ ብሎ እንዳነሳውም ይነግሯችኋል። አሥራ አራት ስትሏቸው ክራይፍ ይላሉ። የሆጤውን አራት ጠይቋቸው! እንግሊዞች፣ አርሴናልና ቼልሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ቁጥር ለብሰው ሲገቡ ተመልካቹ ሰውየውን እንዲለየው ነበር። በ1933 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ኤቨርተን ከ1 እስከ 11፣ ማንቸስተር ሲቲ ከ12 እስከ 22 ለበሱ፤ የሲቲው በረኛ 22 ቁጥር ነበር። ያ በረኛ እስከ ዛሬ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። የኛው ቁጥሩ ቀረና ሰውየው ጠፋ።

አራትን ማንም አይልበስ አላልኩም። አዲስ የሚመጣው ልጅ ይልበሰው። ግን ማልያውን ሲቀበል የማን እንደነበር ይነገረው።

ስለ ሜዳው ሣርና ስለ መዋጮም ተናገር ተብያለሁ። ሣሩ ይስተካከል። መዋጮ ክፈሉ።

ይኸው ደብተር ገዝቼ መጥቻለሁ። ከ1 እስከ 11 አስምሬበታለሁ። አራትን ጽፌዋለሁ፤ ከልጁ ጠይቄ፣ እስከ አያቱ። ሰባት ባዶ ነው። ያ ግራ እግሩ፣ በዝናብ ጊዜ ሻሽ የሚያስረው። አሥራ አንድም ባዶ ነው። ደብተሩ ከፊት ረድፍ ይጀምር፤ የምታውቁትን ጻፉ። እስክሪብቶዋን ግን እንዳታስቀሩብኝ፤ ያለችኝ እሷው ናት።