ሰባት እስኪሆን ምን ይሠሩ ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አላችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነው የምቀዳው። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ዛሬ አይጣል ነው።

ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ አንድ ማታ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ልቀዳው ጀምሬ አቁሜዋለሁ። አንዴ ተናድጄ ቀዳሁት፤ መልሼ ሳዳምጠው ስድብ ብቻ ሆነብኝና አጠፋሁት። አሁን ረጋ ብዬ ማውራት የምችል ይመስለኛል።

የካቲት 26 ቀን 2015 ዓ.ም. እሁድ ማታ። አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል 7፣ ማንቸስተር ዩናይትድ 0።

ማንቼ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ያን ሰሞን ደግሞ ደረታችንን ነፍተን ነበር የምንሄደው። ልክ ከሳምንት በፊት፣ በዚያኛው እሁድ፣ ዌምብሌይ ላይ ኒውካስልን 2 ለ 0 አሸንፈን የካራባኦን ዋንጫ አንሥተናል። በፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫችን ነበር። አሰልጣኙ ቴን ሃግ ከመጣ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። ቡድን እየተሠራ ነው ብለን አምነን ነበር። እኔ በበኩሌ ከልቤ አምኜ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ 11 ዓመቱ ነው። ማንቼ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ማልያ ከመናኸሪያው አጠገብ ካሉት ሱቆች የገዛሁለት እኔ ነኝ። በጣም ትሰፋው ስለነበር እጅጌዋን አጥፎ ነው የሚለብሳት። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጾም ነበር፣ የምኩራብ እሁድ። ሽሯችንን ቶሎ በልተን ወጣን። ዲኤስቲቪ ቤቱ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሞልቷል። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ በግራ ሊቨርፑል፣ በቀኝ እኛ፣ መካከል ላይ አርሴናሎች ለማየት ብቻ የመጡ። ባለቤቱ የመግቢያውን እየሰበሰበ «ዛሬ መብራት እንዳትጠፋ ጸልዩ» ይላል። ጸለይን። አልጠፋችም።

የመጀመሪያው ግማሽ መጥፎ አልነበረም። ይሄን ሰው ይረሳዋል። የብሩኖ ፈርናንዴዝ የጭንቅላት ኳስ ለጥቂት ነው የወጣችው። ካዜሚሮ አግብቶ ተነሥተን ጮኸን፣ ከጨዋታ ውጪ ተባለ። አንፊልድ ላይ እንደዚያ መጫወት ቀላል አይደለም። እረፍት ሊወጡ ሲሉ፣ 43ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሮበርትሰን ያሾለካትን ኳስ ጋክፖ አስቆጠራት። አንድ ለዜሮ። ምንም አይደለም አልን። ሻይ ጠጣን። ወንድሜ «አያ፣ እናገባለን አይደል?» አለኝ። «እናገባለን» አልኩት።

ከእረፍት መልስ በ47ኛው ደቂቃ ኑኔዝ በጭንቅላቱ ገጨ፣ ሁለት። 50ኛው ላይ ጋክፖ ደገመ፣ ሦስት። ወንበራችን ላይ በደንብ ሳንቀመጥ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እቀበላለሁ። በእውነት እቀበላለሁ። ትልቅ ቡድን ነው፤ በሜዳው ነው፤ ደጋፊው እንደዚያ እየጮኸ ነው። ሦስት ጎል ይገባል። ከሜዳህ ውጪ ስትሆን አንዳንዴ ጎርፍ ይመጣል፣ ታሳልፈዋለህ። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 40 ደቂቃ ቀርቶ ነበር። 40 ደቂቃ ማለት የጨዋታው እኩሌታ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ሩጫው ቆመ። ከዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ሆኖ እንኳ ይታያል። ኳስ የተነጠቀው ተጫዋች መልሶ ለመንጠቅ አይሮጥም፤ ቆሞ ያያል። ተከላካዩ አማካዩን ያያል፣ አማካዩ ዳኛውን። ካፒቴኑ ብሩኖ እጁን ዘርግቶ ያማርራል። 66ኛው ላይ ሳላህ፣ 75ኛው ላይ እንደገና ኑኔዝ፣ 83ኛው ላይ እንደገና ሳላህ፣ 88ኛው ላይ ፊርሚኖ። ሳላህ በዚያ ማታ በፕሪሚየር ሊጉ ለሊቨርፑል ብዙ ጎል ያገባ ተጫዋች ሆነ፤ የፋውለርን ክብረ ወሰን የሰበረው በእኛ ላይ ነው። ማንቼ በ7 ጎል ልዩነት ሲሸነፍ በፈረንጆቹ ከ1931 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አያቴ ሳይወለድ ማለት ነው።

አምስተኛው ሲገባ ከጎኔ የነበሩት መውጣት ጀመሩ። እኔም ተነሣሁ። የወንድሜን እጅ ያዝኩና «ተነሥ፣ እንሂድ» አልኩት። አልነሣም አለ። «ገና ነው እኮ አያ፣ አላለቀም።» ዓይኑ ውኃ ሞልቷል፣ ግን ከስክሪኑ አልነቀለውም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰባተኛውን አብረን አየን። በግራ በኩል ያሉት ሰባት ጣት አውጥተው ይጨፍራሉ። መብታቸው ነው። ቂም የለኝም። እኛም ብንሆን እንጨፍር ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ምንም አልተነጋገርንም። ማልያዋን በጃኬቱ ሸፍኖ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ። ያቺን ዚፕ መቼም አልረሳትም። ይሄን ያደረግኩበት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ልጁ ማንቸስተር የት እንዳለ በካርታ ላይ እንኳ ሳያውቅ እኔ ነኝ ያስገባሁት።

ሰዎች ይሉኛል፣ «ለማያውቁህ ሰዎች ምን አስጨነቀህ? እነሱ ብር በብር ናቸው፤ አንተ የመግቢያ ሳንቲም ትለቃቅማለህ።» ቅንነት ያለው ጥያቄ ነው። ግን እኔ እኮ የሀገሬም ሽንፈት አለኝ፣ እንደዚህ አላመመኝም። መጋቢት 21 ቀን 2013 አቢጃን ላይ ዋልያዎቹ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመሩ ዳኛው ታመው ወደቁና ጨዋታው ሳያልቅ ቆመ። ያን ማታ ግን ተደሰትን! ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ ስለወጡ ከ8 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። እዚያ ያደረሰን ደግሞ ባሕር ዳር ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ኅዳር 2012 ላይ ያንኑ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ስታዲየሙ ውስጥ ነበርኩ። ከማርቆስ በሌሊት ነው የተነሣነው። ሱራፌል ዳኛቸው እና ሽመልስ በቀለ ነበሩ ያገቡት። ስመለስ ድምፄ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ታዲያ አቢጃን ላይ ሦስት ሲገባብን ማን ተናደደ? ልጆቹ አቅማቸውን ሰጥተዋል። ሲሮጡ አይተናል። ስለዚህ ሽንፈት ራሱ አይደለም እኔን የሚያመኝ።

ይሄን በደንብ ያስረዳኝ አባቴ ነው። አባቴ ጎዛምን ውስጥ ገበሬ ነው። ያን ሰሞን ለሕክምና መጥቶ እኛ ጋ ነበር። ኳስ አያይም። የኳስ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሰኞ ጠዋት ሁለታችንንም ኩርፍ ብለን ሲያየን፣

«ተሸነፋችሁ?» አለ።

«ተሸነፋችሁ» ነው ያለው። «ተሸነፉ» አይደለም።

«አዎ አባዬ።»

«ስንት ለስንት?»

«7 ለ 0።»

ዝም አለ። በቆሎውን ቆረጠመ። ከዚያ፣ «ሰባት እስኪሆን ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ስንት ተንታኝ በቴሌቪዥን ሰምቼ፣ ስንት ሰው በስልክ ተጨቃጭቄ፣ ያንን ጥያቄ የጠየቀ የለም። ተከላካዩ እንዲህ ቆሞ፣ መስመሩ እንዲህ ተከፍቶ እያልኩ ላስረዳው ሞከርኩ። አቋረጠኝ። «እህሉ አውድማ ላይ እያለ ዝናብ ቢመጣብህ ግማሹ ረጥቧል ብለህ ትቆማለህ እንዴ? የተረፈውን ትሸፍናለህ እንጂ!» አለ። ከዚያ መድኃኒቱ የት እንደተቀመጠ ጠየቀኝ። ወሬው ለእሱ እዚያ ላይ አልቋል።

ለእኔ ግን አላለቀም። ቴን ሃግ ከጨዋታው በኋላ ቡድኑ ፕሮፌሽናል አልነበረም ብሎ ተናግሯል። ቃሉ ትክክል ነው። አባቴ ግን በአንድ ጥያቄ ቀድሞታል።

ሐሙስ ደረሰ። የካቲት 30። በዩሮፓ ሊግ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከሪያል ቤቲስ ጋር። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። ሥራ አለኝ፣ ብርድ ነው፣ ወንድሜም ትምህርት አለው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ስል ልጁ በሩ ጋ ቆሟል። ያችን ማልያ ለብሷል። ከላይ ጃኬት አለ፣ ግን ዚፑ ክፍት ነው። አባቴ ከአልጋው ሆኖ «አብረኸው ሂድ፣ ብቻውን በሌሊት» አለኝ።

ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አሥር ሰው ብንሞላ ነው። በቀኝ በኩል የምንቀመጠው አራት ነን። የአሰላለፉ ስም ዝርዝር ወጣ። መጀመሪያ ስሕተት መሰለኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 11። አንፊልድ ላይ ሰባት የገባባቸው 11 ሰዎች፣ አንድም ሳይቀየር። ካፒቴኑም ያው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አሰልጣኙ ማንንም አልደበቀም። አበላሽታችኋል፣ እናንተው ውጡና አስተካክሉ ነው ያላቸው። እዚያው ሰው ፊት። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተደብቆ ሳምንቱን ማሳለፍ ይቀል ነበር። ይሄን ያህል ክብር የሚሰጥ ቅጣት አይቼ አላውቅም።

ራሽፎርድ ቶሎ አገባ። ቤቲሶች አቻ አደረጉ፤ ሆዴ ተገለባበጠ፣ ያ ማታ ሊመለስ ነው ብዬ። ሮጡ ግን። ኳስ ሲነጠቁ ተመልሰው ይሮጣሉ። አንቶኒ ሁለተኛውን አገባ። ካፒቴኑ በጭንቅላቱ ሦስተኛውን አገባ። ቬክሆርስት አራተኛውን። 4 ለ 1። አንድ ጨዋታ ነው፤ ሰባቱን አያጠፋውም። ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ግን ሲሮጡ አየሁ፤ እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነበር።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል ስንወጣ። መንገዱ ጭር ብሏል። ወንድሜ ከፊት ከፊቴ እየተራመደ፣

«አያ፣ እሁድስ?» አለ።

«ከሳውዝሃምፕተን ጋር፣ 11 ሰዓት ላይ።»

«ቀድሜ ሄጄ ወንበር ልያዝልህ?»

«ያዝልኝ» አልኩት።