ከጅማ ደን ቢራቢሮ ይዞ ለመሄድ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ውስጤ ሲመላለስ የነበረ ነገር አለ፣ እሱን ላወራችሁ ነው።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እዚህ ጅማ እንግዶች ይዤ ደን እገባለሁ። አብዛኞቹ ለቡና ነው የሚመጡት። ለወፍ የሚመጡም አሉ። አልፎ አልፎ ግን ሻንጣው ውስጥ መረብ የያዘ ሰው ይመጣል። ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ የእሳት እራት የሚሰበስብ ሰው። ጥያቄውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ጥቂት ይዤ ብሄድ ችግር አለው?»

ያለ ፈቃድ ከሆነ አዎ፣ አለው። በፈቃድ ከሆነ ግን ይቻላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አግዛለሁ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር አልስማማም። አንዱ «ትል ነው እኮ፣ ምን አለበት» የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ መረብ የያዘውን ሁሉ እንደ ሌባ የሚያይ ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ብዙ ነፍሳት በፎቶ አይለዩም። ከውጭ ሲታዩ ፍጹም አንድ የሚመስሉ ጥንዚዛዎች አሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው ማይክሮስኮፕ ሥር የውስጥ አካላቸው ሲመረመር ነው። የቡና ፍሬ እየበሳች የምትገባውን ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ አስቡ። ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። እዚህ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የሚሠራ የተባይ ባለሙያ ሳይሰበስብ እንዴት ያጥናት? መሰብሰብ የዕውቀት መጀመሪያ ነው። ደግሞም እኔ እንደማምነው ነፍሳትን የሚጨርሳቸው የአንድ ተመራማሪ መረብ አይደለም። የደን ምንጣሮ ነው። ዛፉ ሲቆረጥ፣ በዛፉ ቅጠል የሚኖረው ትልም አብሮ ይሄዳል።

በእርግጥ ጥቂት ዝርያዎች ለየት ይላሉ። የዓለም ትልቁ ቢራቢሮ፣ የፓፑዋ ኒው ጊኒው የንግሥት አሌክሳንድራ ቢራቢሮ፣ የሚኖረው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሰብሳቢዎችም ብዙ ገንዘብ ይከፍሉበታል። ለዚህ ነው የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን ዝርያዎች ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት በመጀመሪያው መዝገብ ላይ አስፍሮ ንግዱን የከለከለው።

አሁን ወደ «ትል ነው» ባዩ ልምጣ። ስለ አንድ ቢራቢሮ ልንገረው።

ሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ ይባላል። የአፍሪካ ደን ቢራቢሮ ነው። ትሉ የሚያድገው የሎሚና የብርቱካን ዘመድ በሆኑ የደን ዛፎች ላይ ነው። ወንዱ የትም ቦታ ያው ነው፤ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ያለበት፣ ከኋላ ክንፉ ላይ ጭራ የወጣለት። ሴቷ ግን ሌላ ታሪክ ናት። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ሴቷ ጭራ የላትም፣ ቀለሟም ወንዱን አይመስልም። ወፍ የማይበላቸውን መራራ ቢራቢሮዎች ነው የምትመስለው። ያውም እንደየቦታው የተለያዩትን። ድሮ ተመራማሪዎች እያንዳንዷን የተለየች ዝርያ አድርገው ይቆጥሯት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 ሮላንድ ትራይመን የሚባል ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ተመራማሪ «እነዚህ ሁሉ የአንዱ ወንድ ሴቶች ናቸው» ብሎ ጻፈ። ብዙዎች ለማመን ተቸግረው ነበር።

እኛ አገር ስትመጡ ነገሩ እንደገና ይለወጣል። የኢትዮጵያዋ ሴት በአብዛኛው ወንዱን ትመስላለች። ቢጫ ናት፣ ጭራም አላት። ከመሃላቸው ግን መራራዎቹን የሚመስሉ ይገኛሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ጭራቸውን አልጣሉም። ይህን ያህል የሚያስገርም ነገር ነው እንግዲህ «ትል» የሚባለው። መመሳሰል እንዴት እንደመጣ ለሚያጠና ሰው የእኛ ደጋ ቢራቢሮ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የዚህ የኢትዮጵያ ዓይነት ስሙ አንቲኖሪ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። እሱም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ መጥቶ አንኮበር አጠገብ ቦታ የተሰጠው ጣሊያናዊ አሳሽ ነበር፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1882 ሞተ። ከሰበሰባቸው እንስሳት ብዙዎቹ ዛሬም ጄኖቫ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ሰውየውን አልወቅስም፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። የዛሬ የጅማ ተማሪ የአገሩን ቢራቢሮ በስሙ ለማወቅ ሲፈልግ የአውሮፓ ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ መፈለጉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለ፣ እሱ ጥሩ ነው። ግን በየአቅጣጫው የወጣው በዚያው ቀረ።

ፈቃድ የሚጠይቀው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት የአንድ አገር ሕያው ሀብት የዚያው አገር ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጃፓን ናጎያ ላይ ደግሞ ጥቅሙ እንዴት እንደሚጋራ የሚወስን ፕሮቶኮል ወጣ። ኢትዮጵያ ግን ናጎያን አልጠበቀችም። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ስለ ሕያው ሀብቷ አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታ ነበር። የጤፍን ነገር ታስታውሳላችሁ መቼም። ጤፋችን ኔዘርላንድስ ውስጥ የባለቤትነት መብት ወጣበት፤ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አንድ ነገር ያለ ጥሩ ውል አንዴ ከወጣ፣ ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚያ ተምረናል።

በአዋጁ መሠረት ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የውጭ ዜጋ ከሆነ ከአገሩ መንግሥት ደብዳቤ ያመጣል፤ አገሩ ግዴታውን እንደሚያስከብር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ። ሲሰበስብ ከኢንስቲትዩቱ ወይም ኢንስቲትዩቱ ከመደበው ተቋም ሰው አብሮት ይሆናል። ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ይህን በሁለት ሳምንት ዕረፍት ውስጥ እጨርሳለሁ ብሎ የሚመጣ እንግዳ ባይሞክረው ይሻለዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ሕግ የገበሬውን ልጅ ጥንዚዛ እንዳይዝ ለመከልከል አልወጣም። የአካባቢው ሕዝብ በልማዱ የሚጠቀምበትን አዋጁ ራሱ አይነካውም። ማር ቆራጩ ማሩን ይቆርጣል። ማኅበረሰቡ ከሚገኘው ጥቅምም ድርሻ አለው።

ማኅበረሰብ ስል ወረቀት ላይ ያለ ቃል እንዳይመስላችሁ። በለጠ ጌራ ደን ውስጥ ዋቡብ የሚባሉ የደን ማኅበራት አሉ። ደኑን ከመንግሥት ጋር ተዋውለው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ሙሉ ፈቃድ ይዞ ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር የመጣ ተመራማሪ ይዤ ጌራ ገባሁ። ማታ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ መብራት አበራ። የእሳት እራቱ ጨርቁን ሞላው። አንድ ሽማግሌ የቡና ገበሬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ እንግዳ ይህን ይዞ ሄዶ ምን ይሠራበታል?»

«ስማቸውን ያጠናል አባባ። የትኛው የት እንደሚኖር ይመዘግባል።»

«ጥሩ። ያወቀውን መልሶ ይንገረና።»

እኔ ስለ ፈቃድ የማስበው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ተመራማሪውም ስተረጉምለት ብዕሩን አውጥቶ ጻፈው። ከሰበሰበው ግማሹ እዚሁ አገር ውስጥ ቀርቷል፤ ውሉም ላይ እንደዚያ ነበር።

ፈቃድ ያልያዘ ሰው ምን ይገጥመዋል? እ.ኤ.አ. በ2025 ኬንያ ውስጥ ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች አምስት ሺህ ገደማ ጉንዳን በትንንሽ ብልቃጥ ይዘው ተገኙ። አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ወይም አንድ ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ስሪላንካ ያላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ነፍሳት በብልቃጥ ይዘው የተያዙ ጣሊያናውያን አባትና ልጅ በ2024 ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ገደማ ተቀጡ። አገሩ ሲደርስም ነገሩ አያልቅም። አሜሪካ የሌሲ ሕግ የሚባል አላት፤ የሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የወጣን እንስሳ ይዞ መግባት እዚያም ወንጀል ነው። ደህና ሙዚየሞችም ወረቀት የሌለውን ስብስብ አይቀበሉም።

ፈቃዱ ላላችሁ ጥቂት የእጅ ሥራ ነገር ልጨምር፤ ጅማ እርጥብ አገር ነችና። ቢራቢሮውን በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ወረቀት አድርጉት። ዕቃው ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጨምሩ፤ አለዚያ ይሻግታል። ጉንዳንም ይበላዋል፤ የሳጥኑን እግር ውኃ ውስጥ አቁሙት። ነፍሳት የሚቀመጡበት አልኮል አውሮፕላን ላይ ገደብ ስላለው አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መለያ ወረቀቱን እዚያው ጻፉት። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰበሰበው ሰው። «ኢትዮጵያ» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ቢራቢሮ ለማንም አይጠቅምም። «ጌራ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደኑ ዛሬ ምን ይመስል እንደነበር ይመሰክራል።

ፈቃድ ለሌላችሁ ፎቶ አለ። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ከነቦታው ብትጭኑት ባለሙያዎች ስሙን ያግዟችኋል፣ የጅማም መዝገብ ይሰፋል። ቢራቢሮ መግዛት ለሚፈልግም ሕጋዊ መንገድ አለ። ኬንያ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ አራቡኮ ሶኮኬ ደን አጠገብ፣ ኪፔፔኦ የሚባል ፕሮጀክት አለ። ገበሬዎቹ ቢራቢሮ አርብተው ሙሽሬውን፣ ማለትም ትሉ ቢራቢሮ ሊሆን ሲል የሚጠቀለልበትን፣ ወደ ውጭ ይሸጣሉ። ደኑ ካልቆመ ቢራቢሮው ስለማይኖር ደኑን ይጠብቃሉ። እዚህ እኛ ጋ ቢሞከር ብዬ ሁሌ እመኛለሁ።

እንግዳ ሲጽፍልኝ የምመልስለት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው ጻፍ። አብሮህ የሚሠራ ሰው ፈልግ። ጊዜ ስጠው። ከመጣህም በኋላ የዝርዝሩን ቅጂ ለዋቡቡና በአቅራቢያው ላለው ትምህርት ቤት ትተህ ሂድ። ጅማ ያላችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ ዝርዝሩን መቀበል የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ። ከሚመጡት ጋር አገናኛችኋለሁ። ደህና ሁኑ።